የትግል መጽሐፍ በልጅዎ እጅ ሲያገኙ



ከጊምቢ አንድ አባት የጻፉልን ደብዳቤ ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ ሆኗል። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ከፍራሹ ሥር የደበቀውን የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አግኝተዋል። ጥራዙ ጁጁትሱ ስለሚባለው የትግል ስልት የሚያስተምር ሲሆን፣ ሰው የሰውን አንገት አንቆ የያዘባቸው ሥዕሎች ሞልተውበታል። አባትየው ሁለት ነገር ጠይቀውናል። ላቃጥለው ወይስ ልተውለት? የምተውለት ከሆነስ ከዚህ የሚሻለው መጽሐፍ የትኛው ነው? ብለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደስ አሰኝቶናል። ብዙ ጊዜ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በመጀመሪያው ላይ ያበቃሉና።

መልሱን ከመስጠታችን በፊት ነቀምቴ ላይ የገጠመንን እንንገራቸው። ባለፈው ክረምት፣ ከዐስር በኋላ ቁርኣን ከምናቀራቸው ልጆች ሁለቱ ከአንደኛቸው ቤት ጓሮ ሙዝ ሥር ትግል ይለማመዱ ነበር። አንደኛው ከኋላ መጥቶ የጓደኛውን አንገት በክንዱ ጠመጠመ። ጥራዙ ከፊታቸው ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ ክንድ የት እንደሚያርፍ፣ ሌላኛው እጅ የት እንደሚይዝ ሥዕሉን እያዩ ነው የሚሠሩት። የታነቀው ልጅ ዝም አለ። ያነቀውም ጓደኛው ዝም ያለው ስለቻለው መስሎት ጨመረበት። ነገሩ እንዳልሆነ ያወቀችው የልጁ ታናሽ እህት ናት፤ የወንድሟ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል አይታ ጮኸች። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ ልጁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም። እናቱ እያለቀሱ ውኃ ያፈሱበታል። ጤና ጣቢያ ወስደነው፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነው ተባልን።

በማግስቱ ጥራዙን ተቀብለን አየነው። የገጹ ቁጥር የሚጀምረው ከ71 ነው። የመጀመሪያዎቹ 70 ገጾች የት ሄዱ? ብለን ጠየቅን። መልሱ ቀላል ነበር። መጽሐፉን ያስኮረጀው ልጅ ገንዘብ ስላልበቃው «ጽሑፍ የበዛበትንና ሰው ሲወድቅ የሚያሳየውን» ትቶ፣ ጥሩ ጥሩው ካለበት ጀምሮ ነው ያስኮረጀው። ያ የተተወው ክፍል ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚወድቅ፣ በቃኝ ለማለት በእጅ ሁለት ጊዜ መምታት እንደሚበቃ፣ ምቱ ሲሰማም ወዲያው መልቀቅ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው ነበር። በቀሩት ገጾችም ቢሆን ከየሥዕሉ ሥር በደቃቁ የታተመ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ልጆቹ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ቀስ ብለው ቢያነቡት ይገባቸዋል። ግን ሥዕሉ ስለበቃቸው ጽሑፉን አንድም ቀን አላነበቡትም። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን ስናነበው ያነቀው ልጅ ፊቱ ተለወጠ።

የአንገቱን ነገር ወላጆች በትክክል ሊያውቁት ይገባል። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲጨፈለቁ ሰውየው ሳይጮህ፣ ብዙም ሳይታገል፣ በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ወዲያው ከተለቀቀ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይነቃል። ካልተለቀቀ አንጎሉ ይጎዳል፤ ሞትም ይከተላል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ዝምታ የብርታት ምልክት አይደለም።

እንግዲያውስ ነገሩን ከሥሩ መከልከል አይሻልም ወይ? የሚል ይኖራል። ትግል በራሱ በዲናችን የተጠላ ነገር አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሩካናን ታግለው እንደጣሉት በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል፤ በሰነዱ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም። በሲራ መጻሕፍትም ከኡሑድ ዘመቻ በፊት ዕድሜያቸው አልደረሰም ተብለው ከተመለሱት ልጆች መካከል ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ ቀስት ይችላል ተብሎ ሲፈቀድለት፣ ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ «እኔ ራፊዕን ታግዬ እጥለዋለሁ» ማለቱ፣ ታግሎም ሲጥለው ለእሱም መፈቀዱ ተጽፏል። በሌላ በኩል ደግሞ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የታወቀው ሐዲስ እውነተኛ ብርቱ ሰው ሌላውን የሚጥለው ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛው መሆኑን ይነግረናል። ፊትን መምታትም ተከልክሏል። በዚህ ረገድ ያለ ቡጢና ያለ እርግጫ የሚካሄድ ትግል ከሌሎቹ የፍልሚያ ስፖርቶች ይልቅ ለእኛ ልጆች የሚቀርብ ይመስለናል።

ደግሞም ትግል ለወለጋ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከብት ጥበቃ ላይ ያደገ ሁሉ ወልኣንሶን ያውቃል። ሣር ላይ ተያይዞ፣ ወገብ ለወገብ ተቃቅፎ መታገል፣ ጀርባው መሬት የነካው ሲሸነፍ መሳቅ፣ ከዚያም ሥፍራ ለቆ ለሌላው መስጠት ነው። በዚያ ጨዋታ ማንም መጽሐፍ አላስፈለገውም። ታላላቆቹ ቆመው ያያሉ፤ ነገር ሲከር ይገላግላሉ። ጁጁትሱ ከወልኣንሶ የሚለየው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ወልኣንሶ ያበቃበት ላይ ጁጁትሱ ይጀምራል፤ መሬት ላይ አንገት ይታነቃል፣ ክንድ ይጠመዘዛል፣ ጉልበት ይቆለፋል። ልጆቻችን የማያውቁት ይህን ክፍል ነው። ታላላቆቹም አያውቁትምና ቆመው ቢያዩ እንኳ መቼ መገላገል እንዳለባቸው አይገባቸውም። መጽሐፉ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው፤ አደገኛ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ስለ ስልቱ አመጣጥ ጥቂት እንበል፤ መጽሐፍ ለመምረጥ ይረዳልና። ጁጁትሱ በጃፓን የብዙ ዓይነት ባዶ እጅ ትግሎች የወል ስም ነው። ጂጎሮ ካኖ የተባለው ሰው ከእነዚህ መካከል ለልምምድ አደገኛ የሆኑትን ለይቶ፣ የቀሩትን በሥርዓት አዋቅሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን መሠረተ። ካኖ በሙያው መምህር ነበር፤ የመምህራን ማሠልጠኛም መርቷል። የእሱን ትምህርት የቀሰመው ሚትሱዮ ማዔዳ ወደ ብራዚል ተሻግሮ ካርሎስ ግሬሲን አስተማረ። የግሬሲ ቤተሰብ ደግሞ የመሬት ላይ ትግሉን አዳብሮ ዛሬ የብራዚል ጁጁትሱ የሚባለውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 አሜሪካ ዴንቨር ላይ በተደረገ ውድድር ሮይስ ግሬሲ የተባለው የቤተሰቡ አባል ቦክሰኛና ሌሎች ታጋዮችን መሬት ላይ እያዋለ ሲያሸንፍ ዓለም ስሙን አወቀ። ከዚያ በኋላ በዚህ ስም የወጣው መጽሐፍ ለቁጥር ያስቸግራል።

ስም ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ሃንኮክና ሂጋሺ የተባሉ ሰዎች ያሳተሙት «ዘ ኮምፕሊት ካኖ ጁጁትሱ» የሚባል መጽሐፍ አለ። የቆየ በመሆኑ በነፃ ይገኛል፤ ስለዚህም በስልክና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ለመዞር የተመቸ ነው። ሽፋኑ የካኖን ስም ተሸክሟል፤ ውስጡ ግን ካኖ ያስተማረው ጁዶ አይደለም። ለሞት ስለሚያበቁ ምቶች የሚናገር ክፍል ጭምር አለው። ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅም ይሆናል። ለ16 ዓመት ልጅ ግን አንሰጠውም።

ታዲያ ምን ዓይነቱን እንምረጥ? መድረሳ የገባ ሰው ይህን ጥያቄ ለመመለስ አይቸገርም። ፊቅህ ሊቀራ የመጣ ደረሳ ሰፊነቱን ነጃህን በመሰለ ትንሽ ኪታብ ይጀምራል እንጂ ትልልቆቹን ጥራዞች አይከፍትም። ትንሹ ኪታብ ጥቂት ነገር በትክክለኛ ቅደም ተከተል ይሰጠዋል፤ ጦሃራ ከሶላት ይቀድማል። የትግል መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ሽፋኑን፣ የሻምፒዮኑን ፎቶ፣ «500 ስልቶች» የሚለውን ማስታወቂያ ይተዉና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይግለጡ። ከማነቅ የሚጀምር ከሆነ ይመልሱት። ከመውደቅ፣ ከመከላከል፣ ከመልቀቅ የሚጀምር ከሆነ ማንበብዎን ይቀጥሉ።

በዚህ መስፈርት ካየናቸው ሁሉ ልባችን የረጋበት ሳውሎ ሪቤይሮ ከኬቨን ሃውል ጋር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው «ጁጁትሱ ዩኒቨርሲቲ» ነው። ሪቤይሮ መጽሐፉን የከፈለው በቀበቶ ቀለም ነው። ነጭ ቀበቶ፣ ማለትም ጀማሪው፣ የሚማረው ሳይጎዳ መቆየትን ብቻ ነው፤ ከሥር ሲውል እጁንና አንገቱን እንዴት እንደሚሸሽግ። ሰማያዊው ማምለጥን ይማራል። ሐምራዊው ጀርባው ላይ ሆኖ በእግሮቹ መከላከልን፣ ቡናማው ያንን መከላከያ አልፎ መግባትን። ማነቅና መቆለፍ የተቀመጠው በመጨረሻው፣ በጥቁር ቀበቶ ክፍል ነው። የእኛ ልጆች ከጀመሩበት ጋር ያስተያዩት! እውነቱን ለመናገር ይህ ቅደም ተከተል ለጎረምሳ አይጥምም። ስድስት ወር ሙሉ ከሥር ሆኖ መቆየትን መማር ማን ይወዳል? ወላጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከጁዶ በኩል ደግሞ ካኖ ከጻፋቸው የተሰናዳውና እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝኛ የታተመው «ኮዶካን ጁዶ» አለ። አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው የሚነበበው። ነገር ግን ከመጣል ስልቶች አስቀድሞ አወዳደቅን ያስተምራል። ሬንዞ ግሬሲና ጆን ዳናኸር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት «ማስተሪንግ ጁጁትሱ» ጥሩ መጽሐፍ ቢሆንም በይበልጥ ስለ ፍልሚያ ስልትና ምክንያት የሚያትት ስለሆነ፣ ለጀማሪ ልጅ ሳይሆን ልጁን ለሚያሠለጥነው ሰው ነው የምንመክረው።

ሥዕሎቹንም ይመርምሩ። አንድ ስልት በሁለት ፎቶ ብቻ ከታየ፣ መጀመሪያና መጨረሻው ማለት ነው፣ መካከሉን ልጁ ከራሱ ይፈጥረዋል፤ አደጋው ያለው ደግሞ በመካከሉ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ያንኑ ስልት ከሁለት አቅጣጫ ያሳያል፤ የተደበቀው እጅ የት እንዳለ ይናገራል፤ ተጋጣሚው እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ይጨምራል። በተለይ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱትን «እንዲህ አይደለም» ብሎ በፎቶ የሚያሳይ ከሆነ ዋጋ አለው። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ጥቁሩ ጥላ ክንድን ከአንገት እንዳይለይ ያደርጋልና፣ ጥቂት ገጽ በጥራት ማስኮረጅ ብዙ ገጽ በጥቁሩ ከማስኮረጅ ይሻላል። ከገጽ 1 ጀምሮ መሆኑን ግን አደራ!

ስልክ ባለበት ዘመን መጽሐፍ ምን ያደርጋል? የሚሉን ወጣቶች አሉ። ቪዲዮ እንቅስቃሴን ያሳያል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ቪዲዮው ቅደም ተከተል የለውም፤ ዛሬ አንገት፣ ነገ ተረከዝ ያሳያል፤ ብዙ ተመልካች የሚስበውም አደገኛው ነው። ደግሞም እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ምን ያህል እንደሚታመን የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ ለሦስት ወር ያህል በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክ ጭምር ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አልነበረም። በእነዚያ ወራት መጽሐፍ ያለው ልጅ ትምህርቱ አልተቋረጠም።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ብቻውን አስተማሪ አይሆንም። ዑለማዎቻችን ሸይኹ ኪታቡ ብቻ የሆነ ሰው ስሕተቱ ከልኩ ይበዛል ይላሉ። ተጅዊድን ማንም ከወረቀት አልተማረም፤ የፊደሉ መውጫ ትክክል መሆኑን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። በትግልም የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ስለ ካኖ ራሱ የሚተረክ ነገር አለ። ወጣት ሳለ ከእሱ በጣም የሚከብድ አንድ የትምህርት ጓደኛ አልጣል ቢለው፣ ቶኪዮ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የፈረንጆችን የትግል መጽሐፍ አገላበጠ፤ ሰውን በትከሻ ተሸክሞ የመጣል ስልት አግኝቶም ያንን ሰው ጣለው። ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት ነው። ነገር ግን ካኖ ያን መጽሐፍ ሲከፍት አስተማሪ ነበረው፤ የሚለማመዱለት ጓደኞች ነበሩት፤ መውደቅንም ያውቅ ነበር። መጽሐፉ በዚያ ላይ ተጨመረ።

በአገራችንም የምናውቀው ምሳሌ ይህንኑ ያሳያል። «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውና እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው ዶናልድ ሌቪን በኢትዮጵያ ጥናት ይታወቃል። ይህ ሰው የአይኪዶ አስተማሪም እንደነበር ግን ብዙዎች አያውቁም። አይኪዶ ከጁጁትሱ የወጣ፣ መያዝንና መጣልን የሚያስተምር ስልት ነው። ሌቪን የመሠረተው አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ድርጅት ሐዋሳ ላይ የአይኪዶ ማሠልጠኛ እንዲቋቋም ረድቷል። ትምህርቱ ሐዋሳ የደረሰው በሰው ነው፤ በተላከ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ነቀምቴም ሆነ ነጆ፣ መንዲም ሆነ ደምቢ ዶሎ፣ የጁጁትሱ አስተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። እንዲህ ከሆነ ቢያንስ የትምህርት ቤቱን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ያማክሩ። አወዳደቅንና መንከባለልን ሊያሳይ ይችላል። ቴኳንዶ የሚያሠለጥን ካለም ስለ ሥርዓትና ስለ ሰውነት ማሟሟቂያ ይረዳል፤ የመሬት ላይ ትግሉን ግን ያውቃል ብለው አይጠብቁ።

ከማንኛውም መጽሐፍ፣ ምርጥ ቢሆን እንኳ፣ አስተማሪ በሌለበት የማይሞከሩ አሉ። አንገትን ማነቅ አንዱ ነው። አንገትን ማዞርና ማጠፍ ከዚያም ይብሳል። ሦስተኛው ተረከዝን ይዞ እግርን መጠምዘዝ ነው፤ በዚህ ስልት ሕመም ሳይሰማ የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጁትሱ ፌዴሬሽን ራሱ ለዓመታት ሲከለክለው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የፈቀደው ያለ ጁዶ ልብስ ለሚወዳደሩ፣ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ ለደረሱ አዋቂዎች ብቻ ነው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ በሆነበት፣ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት ባልሆነበት አገር የተበጠሰ ጅማት ምን እንደሚያስከትል ለወለጋ ወላጅ አንነግርም።

ሙስሊም ቤተሰብ የሚያሳስበው ሌላም አለ፤ ባጭሩ እንለፈው። በመጽሐፎቹ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ተጋጣሚዎች ጎንበስ ብለው ሲሰጋገዱ ይታያል። ልጆቻችን በዚህ ፈንታ ሰላምታ ሰጥተው ይጨባበጡ፤ ትግሉ ምንም አይጎድልበትም። ልብሱ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን ዐውራ የሚሸፍንና በትግል ጊዜ የማይገለጥ ይሁን። ሴት ልጅ መማር ብትፈልግ ከእህቶቿና ከሴት ጓደኞቿ ጋር፣ ወንድ በማያይበት ቦታ እንድትማር ይመቻችላት። ራስን ከያዘ እጅ ማስለቀቅ ከወንድ ይልቅ ለእሷ ሳያስፈልግ አይቀርም። ልምምዱ መግሪብን የሚያሳልፍ ከሆነም ሰዓቱ ይለወጥ።

እንግዲህ ለጊምቢው አባት፦ ጥራዙን አያቃጥሉት። ቢያቃጥሉት ልጅዎ ሌላ ያስኮርጃል፤ ያኔ የሚደብቀው ከፍራሹ ሥር ሳይሆን ከቤት ውጭ ነው። ጠርተውት አብራችሁ ክፈቱት፤ የገጹን ቁጥር ይዩ። የጎደለ ካለ እስኪሟላ ድረስ የማነቁን ክፍል እርስዎ ዘንድ ያቆዩት። እንግሊዝኛ ባያነቡ እንኳ ከየሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ልጅዎ ጮክ ብሎ እያነበበ በአፋን ኦሮሞ እንዲያስረዳዎ ያድርጉ፤ ማስረዳት ያልቻለውን ስልት አይሞክርም። ሲለማመዱም አንድ ታላቅ ሰው ቆሞ ይይ።

የእኛ ሁለቱ ልጆች ትግሉን አልተዉም። የቡና ገለባ የተሞሉ ጆንያዎች ጎን ለጎን ደርድረው፣ ላዩን በሸራ ሸፍነው መውደቅ ይለማመዳሉ። የጎደሉትን 70 ገጾች ከዋናው መጽሐፍ አስኮርጀን ሰጠናቸው። ራሱን ስቶ የነበረው ልጅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በደብተሩ ላይ ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰ ነው። ባለፈው ሳምንት አሳየን። በእጅ ሁለት ጊዜ መምታት የሚለው ጋ ሲደርስ ከሥሩ በቀይ እስክሪፕቶ አስምሮ «ገድ ዺሲ» ብሎ ጽፏል፤ ልቀቅ ማለት ነው። ደብተሩን አሁን የሚይዘው ያነቀው ጓደኛው ነው።

ወላሁ አዕለም።